ሙክት እየጎተተ ያሳየኝ ጭልሞ

እኔ አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እሠራለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም፤ ጡረታዬ ቀርቧል። ንብረት ክፍል የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ባለቤት ያጣ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኛ ጋ ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ቁልፉ የጠፋ መሳቢያ፣ ማን እንዳዘዘው የማይታወቅ ሦስት ከረጢት ኖራ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔ በር ላይ ይወድቃል። በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ሙክት በግ እጄ ላይ የቀረውም በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ወንበር አይሮጥም።

ነገሩን የጀመረው የዕቅድ ባለሙያው ቶሌራ ነው። በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ “ቅዳሜ ሃይኪንግ ወደ ጭልሞ ደን” ብሎ ለጠፈ። ሃይኪንግ ምን እንደሆነ በማግስቱ ኮሪደር ላይ ጠየቅኩት። በእግር መሄድ ነው አለኝ። ወዴት ነው የሚኬደው አልኩ። የትም፤ ደን ይገባል፣ ተራራ ይወጣል፣ ንጹሕ አየር ይሳባል፣ ይመለሳል አለኝ። ያለ ጉዳይ? ያለ ጉዳይ። እኔ በሕይወቴ ያለ ጉዳይ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ልጅ ሆኜ ሁለት ሰዓት ተጉዤ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ተጉዤ እመለስ ነበር፤ ያን ጊዜ ስሙ ሃይኪንግ አልነበረም፣ ድህነት ነበር።

እንደማይሳካ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ምክንያቱም የሥራ ኃላፊያችን ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ወይዘሮ ዘነበች ሲስቁ ያየ ሰው ካለ እስካሁን አልተናገረም። የጫማቸው ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ተበላሽቶ የከረመው ፕሪንተር እንኳ ወረቀት መጎተት ይጀምራል። እኔና እሳቸው ደግሞ በአንድ የመደርደሪያ ጥያቄ የተነሳ ከተኳረፍን ቆይተናል። አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራት ጊዜ “ይታይ” ብለው መለሱልኝ። እንግዲህ እኚህ ሴት የቶሌራን መልእክት አንብበው፣ ሠራተኛው በሙሉ እንዲሄድ ወሰኑ።

የምሳው ስብሰባ ከመንገዱ ረዘመ። አንዱ ዳቦ ይበቃል ይላል፣ ሌላው ሆቴል ይዘዝ ይላል፣ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ጥቅምት ላይ ሥጋ ያልተበላ መቼ ሊበላ ነው ትላለች። በመጨረሻ መዋጮ ተደርጎ ሙክት እንዲገዛና እዚያው ደኑ ጋ ታርዶ ትኩሱን እንዲጠበስ ተወሰነ። በጉን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ስቴፕለር እንኳ ጠፍቶብኝ ስለማያውቅ፣ መመዝገብም አላስፈለገውም።

ከአምቦ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ጊንጪ ስንደርስ ሾፌራችን ወርዶ ከመንገድ ዳር ነጋዴዎች አንድ ሙክት መርጦ ገዛ። ቀዩ ሙክት ሰፊ ደረትና የጠቅላይ ሚኒስትር አማካሪ የሚመስል ረጋ ያለ ፊት ነበረው። ከኋላ ወንበር እኔ አጠገብ ተቀመጠ። ማለቴ ቆመ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን እሱ ጉልበቴ ላይ ይደገፋል፣ እኔ ጀርባው ላይ እደገፋለሁ። ደኑ መግቢያ እስክንደርስ ተላምደናል ብዬ ነበር።

መግቢያው ላይ የጠበቁን አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። የደኑ ጠባቂ ማኅበር አባል ሲሆኑ ቤታቸውም እዚያው ደኑ ጥግ ነው። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙ አይለይም። በእግራቸው የፕላስቲክ ቦቲ፣ በእጃቸው ዱላ፣ በትከሻቸው ነጠላ አለ። “አካም ቡልተን” ብለው ሁላችንንም በአንድ አፍ ሰላም ካሉ በኋላ ሕጉን ነገሩን። ደን ውስጥ እሳት የለም፣ ቅጠል መቀንጠስ የለም፣ ቆሻሻ መጣል የለም። ከደኑ በላይ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ሜዳ አለ፤ ማረድም መጥበስም እዚያ ይቻላል። ከዚያ በጉን አዩ፣ ማን ሊጎትተው እንደሆነ ጠየቁ። የሁሉም ጣት ወደ እኔ ዞረ። ወይዘሮ ዘነበች ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ አገጫቸውን ነው የቀሰሩት።

አዴ ጫልቱ የእግሬን የቆዳ ጫማ፣ ክራቫት ያለበትን አንገቴን፣ ጀርባዬ ላይ ያለውን ሻንጣ ተመለከቱና ፊታቸውን አዞሩ። ክራቫቱ ቅዳሜም ቢሆን ከኃላፊ ጋር ነው የምንሄደው በሚል ነው። ሻንጣው ውስጥ ጃንጥላ፣ መዶሻ፣ የገመድ ጥቅል፣ ፕላስተርና አንድ ትልቅ ሶፍት ነበር። መዶሻው ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ንብረት ክፍል ነኝ።

የአካባቢው ገበሬዎች ወዴት ናችሁ እያሉ ይጠይቁናል። ቶሌራ በኦሮምኛ ለመሄድ ያህል እየሄድን ነው ብሎ ሲመልስላቸው፣ አንድ ሽማግሌ አዝነው ጸለዩልን።

ደኑ ውስጥ ስንገባ ወሬው ቀነሰ። ጥድና ወይራ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ብርዱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርድ ነው፤ ከላይ የሚመጣ ሳይሆን ከመሬት የሚነሳ። እኔ ከሰልፉ መጨረሻ ነኝ። በጉ እንዳያመልጠኝ ገመዱን እጄ ላይ ሁለቴ ጠምጥሜ፣ ለበለጠ ጥንቃቄ አንጓዬ ላይ አስሬዋለሁ። በዕለቱ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ጥንቃቄ ነው።

ጉሬዛ ሲጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም ነበር። ከበላያችን ካለው ዛፍ አሮጌ ሞተር ሳይክል በቧንቧ ውስጥ ሲነሳ የሚመስል ጉሮሮ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ መጣ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ተቀበለ፤ ደኑ በሙሉ አጓራ። ሰዎቹ ቀና ብለው ስልካቸውን አወጡ። ሙክቱ ስልክ የለውም። ሮጠ።

አንድ ሙክት ሲሮጥ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ሥጋ ቤት ቆሞ መገመት አይቻልም። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ አብሬው ሮጥኩ፣ ከዚያ ሦስት ያህል በአየር ላይ፣ ከዚያ በሆዴ። ለመጮህ አፌን ስከፍት ቅጠል ገባበት። ከሰልፉ መጨረሻ ስለነበርኩ ዘወር ብሎ ያየኝ የለም። ተነሳሁ፣ ወደቅኩ፣ ተነሳሁ። አንድ ትንሽ ጅረት ስንሻገር የግራ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ቀጥሎ ያለው ቁጥቋጦ ሻንጣዬን ሰነጠቀው፤ መዶሻው ወደቀ፣ ፕላስተሩ ወደቀ፣ ሶፍቱ ደግሞ ጫፉ እሾህ ላይ ተይዞ ከኋላዬ ይተረተር ጀመር። ለመፍታት ብሞክርም ገመዱ በጠበቀ ቁጥር ቋጠሮዬ ይበልጥ ያማረ ይሆናል። እኔ ያሰርኩት ነገር አይፈታም፤ ቢሮው ይመስክር።

በጉ የቆመው ደክሞት ነው። እኔም ጉልበቴ ላይ ወደቅኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ መሬት መሬት እያየሁ ቆየሁና ቀና አልኩ።

ይህን እንዴት እንደምነግራችሁ እንጃ። የቆምነው በዝግባዎች መካከል ነው። ዝግባ ስል ጣውላው በእጄ ብዙ ጊዜ አልፏል፤ ውፍረቱን፣ ርዝመቱን እያየሁ ተረክቤያለሁ። ቆሞ ግን አይቼው አላውቅም። ግንዱን አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ዓይኔ ግንዱን ተከትሎ ወጣ፣ ወጣ፣ አንገቴ ደከመኝና ማለቂያው ሳይታየኝ ተውኩት። ከላይ የሚወርደው ብርሃን አረንጓዴ ነው፤ እጄን ስዘረጋ እጄም አረንጓዴ ሆነ። አንድ ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ዘለለ። ተቀምጦ ሳለ እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር፤ ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ያለ ምክንያት ክራቫቴን አስተካከልኩ። ባዶ ካልሲዬን አየሁና አፈርኩ። ሰው ሳይኖር ያፈርኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሰዓቴ አምስትን አልፏል። ስልኬን ሳወጣ ኔትዎርክ የለም። መንገዱ ወዴት እንደሆነ አላውቅም። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ነፍሴ አይደለም፤ ሃያ አንድ ሰው ሜዳ ላይ ቢላዋ ይዞ እየጠበቀኝ እንደሆነ ነው። ወይዘሮ ዘነበች ሰዓታቸውን ሲያዩ ታየኝ። በጉን ወደመጣንበት ልጎትተው ብል አሻፈረኝ አለ። እሱ ሽቅብ መሄድ ፈለገ። ከሁለታችን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የሚመስለው እሱ ስለነበር ተከተልኩት።

ሽቅብ ብዙ ሄድን። ከዚያ ጉም መጣ። ቀስ ብሎ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ፤ በር ተከፍቶለት እንደሚገባ ሰው ነው የገባው። የራሴን ጫማ፣ ማለቴ ጫማዬንና ካልሲዬን፣ ማየት አቃተኝ። በጉ በአንድ ወይራ በስተቀኝ አለፈ፣ እኔ በስተግራ አለፍኩ። እርጥብ ቅጠል ረገጥኩ። እግሬ ሸሸ።

ስወርድ ገመዱ ወይራው ላይ ተጠምዶ ያዘኝ። በአንድ እጄ ተንጠለጠልኩ። ከታቼ ጉም ብቻ ነው። በጉ ከላይ ግንዱ ላይ ተጣብቆ፣ አራት እግሩን ተክሎ ይጮሃል። እኔ ጉልበቴን እስከ ደረቴ አጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ፈጣሪዬን ጠራሁ። ከዚያ ገብርኤልን ጠራሁና ተሳልኩ። ከዚህ ካወጣኸኝ፣ አልኩ፣ የዚህ በግ ደም ለእኛ ጉዞ አይፈስም። በሃያ ሁለት ሰው መዋጮ የተገዛ በግ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ። ሃያ ዓመት ንብረት ጠብቄ፣ በአንዲት ደቂቃ የሌላ ሰው ንብረት ለመልአክ ሰጠሁ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከታች፣ በጣም ከቅርብ፣ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

“ኦቦ፣ እግርዎን ይዘርጉ። ላፍቲ ጂራ።”

መሬት አለ ማለታቸው ነው። አዴ ጫልቱ ናቸው። የምይዘው ስላልነበረኝ አመንኳቸውና አንድ እግሬን ዘረጋሁ። መሬት አለ። ሁለተኛውንም ዘረጋሁ። ቆምኩ። ተንጠልጥዬ የነበረው ጉልበቴን ስላጠፍኩ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ገመዱን በወገባቸው በያዙት ማጭድ ቆርጠው እጄን ፈቱልኝ። እንዴት እንዳገኙኝ ጠየቅኩ። በግራ ክንዳቸው ሥር ጭቃ ውስጥ የቀረውን ጫማዬን አሳዩኝ፤ በነጠላቸው ቋጠሮ ውስጥ መዶሻዬንና ፕላስተሬን፤ በእጃቸው ደግሞ በጥንቃቄ መልሰው የጠቀለሉትን ሶፍት። እየጠቀለሉ ነው የመጡት። ቆሻሻ መጣል የለም ብያችሁ ነበር አሉኝ። ነገር ግን አልተቆጡም።

ተቀመጥኩና ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። መሬት ከሥሬ እያለ የተሳልኩት ስለት ይጸናል ወይስ አይጸናም? ገና ወደ ውሳኔ ሳልደርስ ነፋስ መጣና ጉሙን ጠረገው። የተቀመጥኩባት መሬት ሦስት እርምጃ የምትሞላ መደብ ነበረች። ከሦስተኛው እርምጃ በኋላ ያለው አየር ነው። ገመዱ ባይይዘኝ ኖሮ በዚያ ፍጥነት መደቧ ላይ አልቆምም ነበር። የስለቱ ጉዳይ በዚያው ተዘጋ።

አዴ ጫልቱ ክንዴን ያዙኝ። ቀና ብለህ እይ እንጂ ወደ ታች ብቻ አትይ የሚሉ ይመስል ዱላቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። የጊንጪ ሜዳ በሙሉ ከሥራችን ነበር። የኑጉ ቢጫ፣ የጤፉ አረንጓዴ፣ መገርጣት የጀመረው ስንዴ፣ እስከ ደንዲ ተራራ ድረስ አንዱ ከሌላው እየተጠጋጋ ተዘርግቷል። የደመና ጥላ በላዩ ላይ ይሄዳል። በመካከሉ የአዲስ አበባና የአምቦ አስፋልት እንደ ክር ተጥሏል፤ ክሩ ላይ አንድ አውቶቡስ እንደ ጉንዳን ይሳባል። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ሁልጊዜ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እተኛለሁ፤ ረዳቱ ሲቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። ይህ ሁሉ እኔ እያንኮራፋሁ ሳልፍ እዚህ ነበር።

ጫማህን የወሰደብህ ጅረት፣ አሉኝ አዴ ጫልቱ፣ ወርዶ ወርዶ አዋሽ ይሆናል፤ ካልሲህን ያረጠበው ውሃ አፋር ይደርሳል። ካልሲዬን አየሁት። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አክብሮት አሳይቼው አላውቅም። አንቱታውን የተዉት እዚያ ላይ ነው፤ ተንጠልጥሎ ያዩትን ሰው አንቱ ማለት ይከብዳል መሰለኝ።

ከዚያ ዝም በል ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ከታች ከደኑ ውስጥ ድምፅ ይመጣል። ብዙ ሰው አንድ ነገር ይጮሃል፤ ገደሉ ተቀብሎ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። ቢሮ ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው የለም፤ ከዘበኛው እስከ ኃላፊው ሁሉም “ስቶር” ነው የሚለኝ። ስቶር እስክሪብቶ፣ ስቶር ቁልፍ፣ ስቶር ነገ ናልኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ስሜን ማንም ጮክ ብሎ አልጠራውም። አሁን ደን ሙሉ ሰው ስሜን ይጠራል፤ ዛፎቹም ይደግሙታል። ከድምፆቹ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚሰማው ደግሞ ሻክሮ የሚንቀጠቀጥ የሴት ድምፅ ነው። እዚህ ነኝ ብዬ ብጮህ በእነሱ ጩኸት ተዋጠ። አዴ ጫልቱ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው አፏጩልኝ።

በጉን ከወይራው ፈትተን ይዘነው ደኑ መግቢያ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከፊት የቆሙት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ጸጉራቸው ውስጥ የጥድ ቅጠል ተሰግስጓል፣ ቀሚሳቸው ከጉልበት በታች በእሾህ ተተልትሏል። ሁልጊዜ “እርስዎ” የሚሉኝ ሴት ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“አንተ ሰው፣ አለህ?” አሉ። ድምፃቸው አልወጣም፤ ሲጣሩ ጨርሰውታል።

አለሁ አልኳቸው። ከዚያ መናዘዝ ጀመርኩ። በጉን ደህና አድርጌ መልሻለሁ፣ ነገር ግን ተስያለሁ፣ የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ከደመወዜ ይቆረጥና ሌላ ይገዛ እያልኩ ስቀባጥር ቶሌራ አቋረጠኝ። በጉ እኮ ተሰጥቷል አለኝ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ርቦት መሬት በተቀመጠበት፣ ወይዘሮ ዘነበች ተነስተው የጠፋውን ሰው ላገኘ ሙክቱ ይሰጠው ብለዋል። ተቃዋሚ ካለ ብለው ጠይቀዋል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ እንኳ፣ ያቺ ጥቅምትንና ሥጋን ለይታ የማታይ፣ እጇን አላወጣችም። ከዚያ ሁሉም ለፍለጋ ተበትነዋል። እኔ ሜዳ ላይ ቢላዋ ይዘው ይጠብቁኛል ስል፣ እነሱ ጭራሽ ሜዳው ላይ አልወጡም።

ምን ልበላችሁ። ጫማዬን የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩና እንባዬን ጠረግኩ።

አዴ ጫልቱ የበጉን ገመድ ተቀበሉ። ምን ሊያደርጉት እንደሆነ አንድ ሰው ሲጠይቃቸው፣ እሱ በእሳቸውና በበጉ መካከል ያለ ጉዳይ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገብተው የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ፣ አንድ ቁና የባቄላ እሸት ይዘው ተመለሱ። ሣሩ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሃያ ሁለት ሰው እሸት ሲፈለፍል የሚሰማው ድምፅ ዝናብ ይመስላል።

ፀሐይ ስትጋደል ጉሬዛዎቹ መጡ። ጠዋት ድምፃቸውን ብቻ ነበር የሰማሁት። አሁን ከደኑ ጫፍ አንድ በአንድ ወጡ፤ ጥቁር ገላቸው ላይ ነጩ ጸጉራቸው እንደ ጋቢ ተንዘርፏል። የመጀመሪያው ከአንዱ ዝግባ ተወርውሮ ከራሳችን በላይ ባለው ባዶ አየር ላይ ተንሳፈፈ። ጸጉሩ በሁለት በኩል ተዘረጋ፣ ጅራቱ ተከተለው፣ ፀሐይዋ ከኋላው ስለነበረች ዙሪያውን በራ። ማዶ ካለው ዛፍ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛዋ ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ማንም ስልኩን አላወጣም። ቶሌራ የነከሰው ድንች አፉ ውስጥ ቀርቷል። ወይዘሮ ዘነበች ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ በሻከረው ድምፃቸው በኦሮምኛ አዴ ጫልቱን ጠየቋቸው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ አሉ።

“በየቀኑ ነው፤” አሉ አዴ ጫልቱ። “የማትመጡት እናንተ ናችሁ።”

ሾፌራችን መሽቷል ብሎ ክላክስ ነፋ። ቆይቶ ደግሞ ነፋ። ወይዘሮ ዘነበች ዘወር ሳይሉ በእጃቸው ቆይ አሉት፤ እሱም ጥቂት ጠብቆ ሞተሩን አጠፋና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።